ለሎርድ ኤቨራርድ የተለበሰ ከል

እኔ ቤት አላከራይም። ይህ ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ። ባሌ ሚስተር ግሮውኮት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቀረጥ ጽሕፈት ቤት ሹም ነበር፤ የሹም ሚስት ደግሞ ቤት አታከራይም። ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ግን ለአንዲት እንግዳ ለቅቄላት ነበር፤ እንግዳዋም በየወሩ መጀመሪያ ምስጋናዋን በወረቀት ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጥልኛለች። በኤልምብሩክ ከተማ ይህን ኪራይ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ አሳዳጊ የበደለው ነው።

እንግዳዬ ሚስ ድሩሲላ ሃዝልዲን ትባላለች። ልብ ወለድ ጸሐፊ ናት። በየሐሙሱ በሚወጣ አንድ መጽሔት ላይ ታሪኮቿን እየቆራረሰች ታወጣለች፤ ሲያልቅ ደግሞ በቆዳ ይጠረዝና መጽሐፍ ይሆናል። የምትጽፈው ስለ ሎርዶችና ስለ መሳፍንት ብቻ ነው። በታሪኮቿ ውስጥ ከባሮን በታች የሆነ ሰው ወደ ክፍል የሚገባው ትሪ ይዞ ነው፤ ትሪውን አስቀምጦ ይወጣል።

በኤልምብሩክ ሰው የሚመዘነው በጣት ነው። የከተማችን አናት ሌዲ ትረስኮት ናቸው። እሳቸው ለሰላምታ እጃቸውን ሲዘረጉ ስንት ጣት እንደሚሰጡ ያየ፣ ስለዚያ ሰው ደረጃ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ለቄሱ ሚስት ሙሉ እጅ ይሰጣሉ። ለሐኪሙ ሁለት ጣት። ለእኔ አንገታቸውን ሰበር ያደርጉልኝ ነበር፤ እሱም ባሌ በሕይወት ሳለ ነው። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ለሚሸጥ ሰው ምንም የለም። ሚስ ድሩሲላ ስትመጣ ግን ሌዲዋ ተቸገሩ። ጽፋ የምታድር ሴት ናት፣ ይህ ያሳንሳል። የምትጽፈው ስለ ሎርዶች ነው፣ ይህ ያስከብራል። በመጨረሻ ሦስት ጣት ሰጧት። ከዚያ በፊት ሦስት ጣት የደረሰው ሰው ስላልነበረ፣ ከተማው ምን ማለት ይሆን እያለ ሲከራከር ከረመ።

ሦስት ጣት ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ አያሳልፍም። ሚስ ድሩሲላ ያን ሁሉ መሳፍንት ስትፈጥር የአንዳቸውንም የምግብ ጠረጴዛ በዓይኗ አይታ አታውቅም። በመጀመሪያው ታሪኳ አንድ መስፍን ለቁርሱ የከብት እግር ቅቅል ሲበላ ጽፋ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ በቀይ ቀለም ሰርዞ «ምነው?» ብሎ እንደጻፈባት ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። ከዓለም ሁሉ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በሌዲ ትረስኮት ቤት ተጋብዛ መቀመጥ። እየመሸ ሲሄድ በመስኮት ቆማ ሠረገሎች ወደዚያ ቤት ሲወጡ ታያለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ስለ አባቷ የነገረችኝ እንደመጣች ነው። በሕንድ አገር ኮሎኔል ነበር፣ ነብር በላው አለች። እኔም ለከተማው አዳረስኩት። ማንም አልተገረመም። በኤልምብሩክ የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን የሕንድ ነብር ከእንግሊዝ ኮሎኔል ሌላ ሥጋ ቀምሶ ባላወቀ።

እንግዲህ በየዓመቱ በበጋ አንድ ሽማግሌ የጓሮ በሬን ያንኳኳል። ንጹሕ ሽርጥ አገልድሞ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ድስት ታቅፎ፣ በሰሜን ሰዎች አነጋገር «ጨጓራ ትፈልጉ እንደሆን» ይላል። ታጥቦ የተቀቀለ የከብት ጨጓራ ማለቱ ነው። በእኛ ከተማ ጨጓራ የሚበላ ሰው የለም፤ ካለም መጋረጃ ዘግቶ ነው። ሠራተኛዬ ፔጊ ልትመልሰው ስትል ሚስ ድሩሲላ ደረጃውን በሩጫ ትወርዳለች። ስለ ድሆች ኑሮ ልጠይቀው ብላ ወጥ ቤት በር ዘግታ አብራው ትቀመጣለች። ስለ ጨጓራ ያን ያህል ምን ይወራል? አንድ ቀን ማንኪያ የረሳሁ መስዬ ገባሁ። ሽማግሌው ቀለም የነካ ጣቷን በሽርጡ ጫፍ እየፈተገ «ዛሬም ቀለም፣ ዛሬም ቀለም» ይላታል። እኔን ሲያይ እጇን ለቀቀና ብድግ ብሎ «ይቅርታ ሚስ፣ ዋጋው ያው ነው» አላት። ሁለቱም ቀና ሲሉ አየኋቸው። ለሁለት ፊት የታደለው አንድ አፍንጫ ነው።

ነብሩ ጾሙን አድሯል ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ማንኪያዬን ይዤ ወጣሁ። የኮሎኔል ልጅ ቤቴ አለች ብዬ ለዓለም ካወራሁ በኋላ የጨጓራ ሻጭ ልጅ ናት ብል የምዋረደው እኔም ነኝ። የጓሮውን በር ልማድ ያመጣው ሽማግሌው ራሱ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። በፊት በር ግባ ብላ ስትለምነው «ተይ፣ የደከምሽበትን አላፈርስም» አላት አሉ። እሷም ተወችው። መተዋን ግን ወደደችው ማለት አይደለም፤ እሱ በመጣ ማግስት ሁልጊዜ ራሷን ያማት ነበር።

በዚያ ዓመት በመከር ከተማችን በሎርድ ኤቨራርድ ሰበብ እንቅልፍ አጣች። ሎርድ ኤቨራርድ የአዲሱ ታሪኳ ጀግና ነው። ከፈረስ ወድቆ ትኩሳት ያዘውና መጽሔቱ በወጣ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ መጽሔቱ በባቡር ሲመጣ ሰዎች ሠራተኞቻቸውን ጣቢያ ድረስ ይልኩ ነበር። ቄሱ «ለሕሙማን ሁሉ» ብለው ሲጸልዩ ግማሹ ምእመን ማንን እያሰበ አሜን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። በኋላ አንድ ሐሙስ መጽሔቱን ገለጥኩና ሎርድ ኤቨራርድ ሞቶ አገኘሁት። ወጡ አረረብኝ። ፔጊ ሳህን ይዛ ስታለቅስ ሳህኑን ጣለችው፤ እኔም አልተቆጣኋትም።

በማግስቱ አርብ ጧት ለሚስ ድሩሲላ ቴሌግራም መጣ። ደረጃው መካከል ቆማ አነበበችውና ለእኔ ዘረጋችልኝ። «አባትሽ ረቡዕ ዐረፈ። እሁድ ይቀበራል። ሃና ኦግደን» ይላል። ሃና የአባቷ ጎረቤት ናት።

«ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አፍንጫችሁ አንድ ነው» አልኳት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ። ችግሩ ለሁለታችንም ወዲያው ነው የታየን። አባቷ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ከል ትለብሳለች፤ ቀሚሱ፣ ባርኔጣው፣ ጓንቱ፣ የመሐረቡ ጠርዝ ሳይቀር ጥቁር ይሆናል። አለመልበስ መካድ ነው። ከለበሰች ደግሞ ለማን ነው ይባላል፤ የሰው አባት ሁለት ጊዜ አይሞትም፣ የእሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ነብር በልቶታል። እውነቱ ከወጣ ሦስቱ ጣቶች ይሰበሰባሉ፤ የሌዲ ትረስኮት በርም እስከ ወዲያኛው ተዘጋ።

«አክስት ናት እንበል» አልኳት። «ለአክስት ሦስት ወር ይበቃል። ማንም አይጠይቅም።»

«አባቴ አክስቴ አይደለም፣ ሚስስ ግሮውኮት።»

«እንግዲያው ጓንት ብቻ ጥቁር ያድርጉ። ጓንት ብዙ አያናግርም።»

«በሕይወቱ ሳለ በጓሮ በር አስገባሁት። አሁን ደግሞ በጓንት ልሸኘው?»

 ሄጄ ለባሌ የለበስኩትን ከል ከሣጥን አወጣሁላት። ወገቡን በመርፌ ያዝ ያዝ አደረግንና ለበሰችው። ወደ ጣቢያ ሄዳ የባቡሩን ሰዓት መጠየቅ ነበረባት፤ በመንገድ ላይ ለማን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ለመጀመሪያው ሰው እውነቱን እናገራለሁ ብላ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ እኔም ተከተልኩ።

መጀመሪያ ያገኘችን የቄሱ ሚስት ናት፤ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት። የሚስ ድሩሲላን ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችና ሁለት እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት።

«እርስዎም!» አለቻት። «እኛ ቤት እኮ ከትናንት ወዲህ እህል በአፉ የዞረ ሰው የለም።»

ሚስ ድሩሲላ «አባቴ…» ብላ ጀመረች።

«እንዴታ! እንደ አባትም እንደ ልጅም ነው እንጂ። ፈጥረውት!» አለችና ዓይኗን እየጠረገች ሄደች።

እዚያው ቆመን ተያየን። ከዚያ ሐኪሙ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀና ያ የታሪኩ ሐኪም ደም አብዝቶ አፍስሶበት ነው እንጂ እሱ በጊዜው ቢጠራ ሎርዱን ያተርፈው እንደነበረ ምሎ ነገረን። የባርኔጣ ሰፊዋ መስኮት ላይ ጥቁር ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። የጣቢያው ሠራተኛ የባቡሩን ሰዓት ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናዎት» አላት። ለማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሁሉም ያውቅ ነበር።

ቤት ስንገባ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኳት፤ ለአባትዎ ከሉን ለበሱለት፣ ኮሎኔሉም በቦታው ቀረ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? እሷ መጀመሪያ ሳቀች። ወንበር እስክትይዝ ድረስ ሳቀች። ኋላ ፊቷ ተለወጠ።

«ላልነበረ ሰው ከተማው ሁሉ ያዝናል» አለች። «ለነበረው ሰው እኔ ብቻ።»

«እኔም አለሁ» አልኳት። «ጨጓራውን አልቀመስኩም እንጂ ሰውየውን እወደው ነበር።» እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፔጊ ትንፋሿ ተቆራርጦ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የሌዲ ትረስኮት ሠረገላ በራችን ላይ ቆሟል። ሌዲዋ ወደ ሌላ ሰው ቤት ስማቸው ያለበትን ካርድ ይልካሉ እንጂ ራሳቸው አይወርዱም፤ እኔ ደግሞ ፀጉሬን ገና አልጠቀለልኩም ነበር። ጥቁር ሐር ለብሰው፣ ጥቁር ዶቃ አድርገው፣ የእኔን ደረጃ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ሻይ ማቅረብ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ግን ማንቆርቆሪያውን ከፔጊ እጅ ነጥቄ ተከተልኩ። ስገባ ሌዲዋ እጃቸውን ዘርግተው አየሁ። አምስቱንም ጣት።

«ሚስ ሃዝልዲን» አሉ፣ «በዚህ ሐዘን ብቻዎን ሊሆኑ አይገባም። ነገ ከጸሎት በኋላ እኛ ዘንድ ይመገባሉ። ጳጳሱም ይመጣሉ። ስለ መጨረሻው ሰዓት ከእርስዎ አንደበት መስማት ይፈልጋሉ።»

ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ዓመታት ሙሉ በመስኮት ስታየው የኖረችው ሁሉ ይኸው ደረጃዬን ወጥቶ መጥቷል፤ ጳጳስም ተጨምሮበት። በልቤ፣ በይ እሺ በይ፣ ሽማግሌውን ሰዎቹ ይቀብሩታል እያልኩ እንደነበር አልደብቅም።

«አልችልም፣ እሜቴ» አለች ሚስ ድሩሲላ። «ነገ አባቴን እቀብራለሁ።»

ሌዲዋ ፈገግ አሉ። «አባትዎን ነብር በላቸው ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«አልበላውም። ቦልተን ውስጥ ጨጓራ ሲሸጥ ኖሮ ረቡዕ ዕለት አልጋው ላይ ሞተ። ኤብነዘር ሃዝልዲን ይባላል።»

ሌዲዋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ማንቆርቆሪያዬ አየሁ። 

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ቢሆንም ሴት ቀብር አትወጣም። ወንዶቹ ይሸኙታል፤ አንቺ መጋረጃ ዘግተሽ ትቀመጫለሽ። ይህን እንኳ ታውቂያለሽ።»

«እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ከሬሳው ኋላ ትሄዳለች፣ እሜቴ። ወንድም የለኝም።»

ሌዲዋ ጓንታቸውን ጣት በጣት እያስተካከሉ ተነሡ። «ጉንፋን ይዞኛል ብትይኝ ኖሮ ለሁላችንም በቀለለ» አሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ ጉንፋን ቢሆን ለሚቀጥለው እሁድ ትጠራ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። «ሎርድ ኤቨራርድስ? የሚመለስበት ምንም መንገድ የለም?»

«የለም፣ እሜቴ።»

እስካሁን አንቱ ስላት የቆየሁት ይብቃት። ወረደች፣ ሠረገላዋ ላይ ወጣች፣ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚስ ድሩሲላ አንድም ጣት ዘርግታላት አታውቅም፤ የቄሱ ሚስትና ሐኪሙም እሷን እያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። መጽሔቱን ግን አንዳቸውም ማንበብ አልተዉም።

በከሰዓቱ ባቡር አብሬያት ሄድኩ። ሦስተኛ ማዕረግ ነው የተሳፈርነው፤ አባቴ በዚሁ ነበር የሚመጣው ብላ አንደኛውንም ሁለተኛውንም እምቢ አለች። መቀመጫው እንጨት ነው፣ ወገቤ እስካሁን አልረሳውም። በመንገድ ላይ ኑሮዋን ነገረችኝ። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታለች። ፊደል የለየችው ጨጓራ በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያነበበችው ሁሉ ግማሹ የተቀደደ ስለነበር መጨረሻውን ከራሷ መፍጠር ለመደች። ኋላ ለአንዲት አሮጊት እመቤት አንባቢ ሆና ተቀጠረችና አነጋገሯን ከእሷ ወሰደች። እመቤቲቱ ስትሞት የወረሰችው ያን አነጋገር ብቻ ነው። አባቷ አዲሱን ድምጿን መጀመሪያ የሰማ ቀን ባርኔጣውን አወለቀ። ይህን ስትነግረኝ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እኔም እጇን ያዝኳትና ከዚያ ወዲያ ልጄ እንጂ ሚስ ብያት አላውቅም።

ቦልተን ጭስ ነው፣ ሌላ ምን ልበል። ሃና ኦግደን ደጅ ቆማ ጠበቀችን፤ ወፍራም፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ የእንጨት ጫማ ያደረገች ሴትዮ ናት። «መጣሽ?» አለቻት። «መጣሁ» አለች ድሩሲላ፣ ያንን የሰሜን አነጋገር ከየት እንዳወጣችው እንጃ።

እሁድ ቀበርነው። ሴቶቹ ሁሉ ሻርፕ ተከናንበው በእንጨት ጫማቸው ከሬሳው ኋላ ሄዱ፤ ድሩሲላ ከፊት፣ እኔ ከጎኗ። ባሌ ሲቀበር እኔ ቤቴ መጋረጃ ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ጨዋ ሴት ነኛ። አፈር ሲለብስ አላየሁትም፤ ሰዎቹ ተመልሰው አለቀ አሉኝ፣ አለቀ ብዬ ተቀበልኩ። የዚህን ሽማግሌ ግን የመጀመሪያውን አፈር ሳይቀር አየሁ። ድሩሲላ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በታሪኮቿ ለአሥራ አንድ የመስፍን ሚስት አገር ያስለቀሰች ሴት ለአባቷ አላለቀሰችም።

ከቀብር ወደ ጨጓራ ቤቱ ተመለስን። እንደ አገሩ ልማድ ቀዝቃዛ የአሳማ ሥጋና ሻይ ቀረበ። ሴቶቹ እኛን እያዩ ይንሾካሾካሉ። እኔ ልብሳችንን ነው ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ። በኋላ አንዷ ልጅ የታቀፈች ሴት አላስችል ብሏት ተናገረች።

«እስቲ ሎርዱ ምን አድርጎሽ ነው የገደልሽው?» አለቻት።

 ለካ ጸሐፊዋ እሷ መሆኗን እዚያ ቤት የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችል ሃና በየሳምንቱ መጽሔቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ታነብለታለች፤ ሳህን ይዞ ለጨጓራ የመጣው ሁሉ ደግሞ ቆሞ ይሰማል። ታሪኪቱ የማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱ ባነበቡለት ቁጥር የልጄ ናት ማለት አይሰለቸውም ነበር። ከቦልተን ውጭ ግን ስሟን እንዳያነሡ አስምሏቸዋል።

ድሩሲላ ጽዋዋን አስቀመጠች። «ሃና» አለች፣ «አባቴ ሰማ? መሞቱን?»

«አልሰማም። መጽሔቱ እዚህ የሚደርሰው አርብ ነው፤ እሱ ረቡዕ ሄደ።»

«ስለሱ ያነሣው ነገር ነበር?»

«ሌላ ምን ያነሣል!» አለች ሃና። «እኛ ሁላችን ይሞታል ብለን ተወራረድን። እሱ ብቻ እምቢ አለ። ‹ልጄን አውቃታለሁ፣ ጥጃ ሲታረድ ዓይኗን የምትሸፍን ናት፣ እሷ ሰው አትገድልም› እያለ ነው ያለፈው።»

ድሩሲላ ያን ጊዜ አለቀሰች። በታሪኮቿ እንዳሉት እመቤቶች በመሐረብ ጫፍ አይደለም። ባንኮኒው ላይ ተደፍታ፣ ድምጿን አውጥታ፣ በሰፈሯ አነጋገር አባቷን እየጠራች አለቀሰች። ሴቶቹም ተይ አላሏትም፤ ወንበራቸውን አስጠግተው አብረዋት አለቀሱ። እኔም ጓንቴን አወለቅኩና ለባሌ ያላለቀስኩትን እዚያው አለቀስኩት።